ከጀሪካኑ በፊት የምትቆም ጥይት

በዚያ ሐሙስ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ ዘይነባ፣ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምሸጠው። ባለቤቴ አብዶሽ። የመጀመሪያ ልጃችን ሚፍታህ፣ ሃያ አራት ዓመቱ። ፒካፑን የሚነዳው ፋራህ፣ የጎረቤታችን ልጅ። መልካ ጀብዱ የጠበቁን ጋሽ በቀለ፣ ድሮ ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች በረሃ ለበረሃ ይመሩ የነበሩ ሽማግሌ። ጠመንጃውን ሊመዘግብ የመጣው ሳጅን ደረጀ። ሌላ ሰው አልነበረም። ያልነበረች ግን ሁላችንም የምናስባት አንዲት ልጅ አለች። ስሟ ሲራድ ነው።

ከቤት የወጣነው ጠመንጃና ጥይት ልንመርጥ ነው። ጀልዴሳ፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር፣ በቆሎና ሽንኩርት የምንዘራበት መሬት አለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ከርከሮ በላው። ከርከሮ የሌሊት ሌባ ነው የሚል ሰው የእኛዎቹን አያውቅም። የእኛዎቹ ንጋት ላይና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚመጡት፣ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ሰዓት አክብረው። በፊት እግራቸው ተንበርክከው ሥሩን ይቆፍራሉ፣ አገዳውን ይጥላሉ። ከበሉት ያበላሹት ይበልጣል። አብዶሽ ዘንድሮም ከተበላ መሬቱን እለቃለሁ ብሎ ቁርጡን ነግሮናል።

ከሁለት ዓመት በፊት ሚፍታህ ከሰው ክላሽ ተውሶ ተኩሶባቸው ነበር። ጥይቷ አንዱን ከርከሮ በስታ ወጣች፣ በቆሎውን ሰነጠቀች፣ ወደ ወንዙ አሸዋ ወረደች። እዚያ ሲራድ ነበረች፤ አሥራ ሁለት ወይ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከቤተሰቧ ግመሎች ጋር የመጣች። ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ውሃ ይዛ ትሄዳለች። ጥይቷ ጀሪካኑን በሳችው። ልጅቷን አልነካቻትም። ሮጬ ስደርስ አሸዋው ላይ ተቀምጣ፣ በጀርባዋ የሚወርደው ውሃ ደም መስሏት እጇን ታያለች። “ቢዮ ነው፣ ቢዮ!” አልኳት፤ በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። ሰውነቷን ሁሉ ዳሰስኩ። ስሟን ያወቅኩት እናቷ “ሲራድ! ሲራድ!” እያለች ስትሮጥ ሰምቼ ነው። ደህና ናት። በማግስቱ ቤተሰቧ ግመሎቹን ጭኖ ሄደ፣ ተመልሰንም አላየናቸውም።

ሚፍታህ ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ አልነካም። ዘንድሮ ግን የወንዙ ዳር ሰባት ቤተሰብ አንድ ጠመንጃ በጋራ እንድናስመዘግብ ተፈቀደልን፣ ሰዉም ተኳሹ ሚፍታህ ይሁን አለ፤ እንደሱ ዓይን ያለው የለም። እንቢ አለ። አባቱ ለመነው፣ ሽማግሌ መጣበት። በመጨረሻ፣ “ጠመንጃውንም ጥይቱንም እማ ከመረጠች እተኩሳለሁ” አለ።

እኔ ስለ ጠመንጃ የማውቀው ከፊቱ አለመቆምን ብቻ ነበር።

ሐሙስ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀፊራ

ከሳምንቱ በፊት ለጋሽ በቀለ ስልክ ደውዬ፣ ጥይቶቹ ምን ያህል ዘልቀው እንደሚሄዱ በዓይኔ ሳላይ አልመርጥም ብያቸው ነበር። በጆንያ አሸዋ ሞልቼ ላመጣ አስቤአለሁ አልኳቸው።

“አሸዋ ይዋሽሻል” አሉኝ። “አሸዋ ሁሉንም ጥይት ያስቆማል። ሥጋ ውሃ ነው፤ ውሃ ያለው ነገር አምጪ።”

ሐብሐብ አሰብኩ፣ ግን ዋጋው አይቀመስም። ቀፊራ ደግሞ ውሃ የያዘና የማይሸጥ ነገር ሞልቷል፤ የበሰበሰ ሽንኩርት። ከጎረቤቶቼ ለቅሜ አራት ጆንያ ሞላሁ። አፋቸውን በሲባጎ ሰፋሁ፣ ከዚያ ስፌቱን አላመንኩትም፣ እንደገና ሰፋሁ። ሁለት ቢጫ ጀሪካንም ውሃ ሞልቼ ከላይ አስቀመጥኩ። ሚፍታህ ጀሪካኖቹን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

ፋራህ መጣ። የፒካፑን ጀርባ አየ፣ አፍንጫውን በሻሹ ያዘ። ይሄ ልጅ እኔን ኤዶ ነው የሚለኝ፣ በእነሱ ቋንቋ አክስቴ እንደ ማለት።

“ኤዶ፣ ምንድነው ይሄ? ሬሳ ነው የምንጭነው?”

“ሽንኩርት ነው።”

“አቦ ይሄ ሽንኩርት መቼ ነው የሞተው? እሁድ ሙሽራ የምጭነው በዚህች መኪና ነው!”

“ሙሽራዋ ሽንኩርት አትልጥም እንዴ? ከአሁኑ ትልመደው።”

“ወላሂ አንቺ ሴትዮ ልብ የለሽም” አለና ጆንያዎቹን በሸራ ሸፈነ።

ከመነሳታችን በፊት ፈቲራ በማር በላን፣ አንዱ ሰማንያ ብር፤ ባለፈው ዓመት በዚህ ብር ሁለት እንበላ ነበር። እኔ አልወረደልኝም። ጎማዎቹን ዞሬ አየሁ። ወደ ደንገጎ ተራራም አየሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ድሬ ፀሐይ እየበራ እዚያ ከዘነበ ጎርፍ ይመጣል። ደመና የለም። አብዶሽ፣ “አየሩን ከጨረስሽ እንሂድ?” አለኝ። ቢስሚላህ ብለን ተነሳን።

ሦስት ሰዓት፣ መልካ ጀብዱ

መንገዱ ረጅም አይደለም፣ ፋራህ ግን ከሽንኩርቱ ሽታ እንዲያመልጥ ይመስል ነበር የሚነዳው። ግራርና ቁጥቋጦ፣ አቧራ፣ መንገዱን የያዙ ፍየሎች፣ ከባድ መኪና ተራ በተራ አለፈን። ሳጅን ደረጀ ኬላው ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። መዝገቡን በክንዱ ሥር ይዞ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ ሆንኩ።

“ጠመንጃ መራጩ ማነው?” አለ።

“እኔ ነኝ” አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። “እናቴ፣ ጎመን መሰለሽ እንዴ?”

“ጎመን ቢሆን ኖሮ በዓይኔ አይቼ እገዛው ነበር” አልኩት። ፋራህ መሪውን እየመታ ሳቀ። ሳጅኑም ሳቀ፣ ክፉ ሰው አይደለም።

ጋሽ በቀለ ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። እዚህ ጽሑፍ ላይ ነው አንቱ የምላቸው፤ ድሬ ውስጥ ሁሉም አንተ ነው፣ እሳቸውም ከመጡ አርባ ዓመት ስለሆናቸው ለምደውታል። ከግቢው ኋላ የደረቀ ፈፋ አለ፣ ከፈፋው ማዶ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የሆነ የአፈር ግድግዳ። ልምምድ የሚተኮሰው እዚያ ነው፤ ሳጅኑም የዛሬውን ተኩስ ፈቅዷል። ምንጣፍ ላይ ሁለት ጠመንጃ ተዘርግቷል፣ ሁለቱም ባዶ መሆናቸውን መቀርቀሪያቸውን ከፍተው አሳዩኝ። እንዲያም ሆኖ በአፈሙዙ በኩል አላለፍኩም፣ ዞሬ ሄድኩ።

አንዷ ቀጭን ናት፣ ጥይቷ የትንሿ ጣቴን ጫፍ የምታክል። ሁለተኛው ረጅም ምንሽር ነው፣ ሰደፉ በእጅ ብዛት የተወለወለ። ለምንሽሩ ደግሞ ሁለት ዓይነት ጥይት አለ። ቀልሃቸው አንድ ነው፣ ጫፋቸው ላይ ያለው አረር ነው የሚለየው። የአንዱ አረር ሹልና እስከ ጫፉ መዳብ የለበሰ ነው፣ ለወታደር የተሠራ። የሌላኛው አፍንጫ ደነዝ ነው፣ ጫፉ ላይ ግራጫው እርሳስ ይታያል። ለአደን የተሠራ ነው አሉኝ።

ጆንያዎቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ ደረደርናቸው። ከመጨረሻው ጆንያ ኋላ አንዱን ጀሪካን አቆምኩ። ሳጅኑ፣ “ይሄ ለምንድነው?” አለ። “ታየዋለህ” አልኩት። ጋሽ በቀለ እኔንም ሚፍታህንም አዩ።

መጀመሪያ ትንሿን ተኮሱ። ድምፅዋ ቅርንጫፍ እንደ መስበር ነው። ሄደን አየን፤ አረሯ ከመጀመሪያው ጆንያ አልወጣችም። ጀሪካኑ እንደቆመ ነው።

“ይቺ ናት!” አልኩ። የደስታዬ ብዛት። “ሳጅን፣ ጻፍ። ጨረስን።”

ጋሽ በቀለ አልተንቀሳቀሱም። “ዘይነባ፣ ከርከሮ ከቅርብ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“ለምን ከቅርብ አያለሁ?”

“ትከሻው እንደ ደረቀ ጭቃ ግድግዳ ነው። በዚች ትመቺዋለሽ፣ ይቆስላል፣ አይወድቅም። የቆሰለ ከርከሮ ወይ ወደ መታው ሰው ይመጣል፣ ወይ ሲቃጠል ወደ ውሃ ይሄዳል።”

ውሃ ሲሉ አብዶሽና ፋራህ እኩል ብድግ አሉ። እርሻችን መሃል የፓምፑ ጉድጓድ አለ፣ ከምድር እኩል የሆነ፣ ክዳን የሌለው። ሰባት ቤተሰብ ይጠጣበታል፣ የሶማሌዎቹ ግመልም ይጠጣበታል። በእኛ ሥርዓት ያ እንስሳ እርጥብ ሆኖ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር። ዕቃ ይታጠባል። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቢሞትብን ምኑን እንታጠባለን?

“ያ አላህ!” አለ ፋራህ። “ኤዶ፣ ይቺን እርሻት። ቆሞ በነበረበት ካልወደቀ አይሆንም። ሮጦ የሚሞት ከርከሮ ካልሞተው ይብሳል።”

“አባረን በጩቤ እንዳንጨርሰው ማን ይነካዋል?” አለ አብዶሽ።

“እኔን አትዩኝ” አለ ፋራህ። “እኔ ሾፌር ነኝ። ለጋሽ በቀለ እንጭንለታለን እንጂ።”

“ለኔ?” አሉ ጋሽ በቀለ ተቆጥተው። “እኛስ መች እንበላዋለን? በዚህ በኩል አንድ ነን፣ ሂድ!”

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን አፍሬ ነበር። ትንሿን ጠመንጃ የመረጥኩት እኔ አልነበርኩም፤ ፍርሃቴ ነው የመረጠልኝ። ሽንኩርት ስገዛ ትንሹን ስለሚቀል አልወስድም። እዚህ ግን ትንሽ ስለሆነ ብቻ ደግ መሰለኝ።

ቀጥሎ ምንሽሩን በወታደሩ ጥይት። ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ እንኳ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ከማዶው ግድግዳ አፈር ተነሳ። ጢሱ ሳይጠራ ድምፁን ሰማሁት፤ ጉልጉል፣ ጉልጉል የሚል። አራቱንም ጆንያ አልፋለች። ጀሪካኑንም አልፋለች፣ ውሃው በሁለት በኩል ይወርዳል።

ሚፍታህ ውሃውን ትንሽ አየ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ፒካፑ ሄደ። ሳጅኑ መዝገቡን ዘጋና ድምፁን ቀንሶ፣ “ምንድነው ነገሩ?” አለኝ። የሲራድን ነገር ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀ።

“ጠመንጃው ጥፋት የለበትም” አሉ ጋሽ በቀለ። “ያቺ ጥይት ለዚያ ነው የተሠራችው። ሌላ ጀሪካን አለሽ?”

አለኝ። ሁለት የያዝኩት ለዚህ ነበር።

የተበሱትን ጆንያዎች ወደ ጎን ገፍተን ያልተነካ ቦታቸውን አዞርን፣ አዲሱን ጀሪካን ከኋላ አቆምን። ያው ምንሽር፣ በደነዟ ጥይት። ተኮሱ። የመጀመሪያው ጆንያ ጎኑ ተቀደደ፣ ሁለተኛው ከውስጥ እንደተመታ ከበሮ ተነፋ። ሦስተኛው ዝም። ጀሪካኑ ዝም። ግድግዳው ላይ ምንም አፈር አልተነሳም።

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። ሁለተኛውን ጆንያ ቀድጄ እጄን እስከ ክርኔ ከበሰበሰው ሽንኩርት ውስጥ ከተትኩ። አገኘኋት። ደነዝ የነበረው ጫፍዋ ጠፍቶ፣ እርሳሱ በዙሪያዋ እንደ ተፈለቀቀ ነጭ ሽንኩርት ተከፍቷል፤ እጄ ላይ ገና ትኩስ ናት።

“ኃይሏን ሁሉ ውስጥ ጨርሳ ትቆማለች” አሉ ጋሽ በቀለ። “በዚች የተመታ ሩቅ አይሄድም። እሷም አትሄድም።”

“ድገም” አልኳቸው።

“አየሽ አይደል?”

“አንድ ጊዜ ዕድል ነው። ድገም።”

ደገሙ። አሁንም ሁለተኛው ጆንያ ውስጥ ቆመች። ሦስተኛ ጊዜ ልበል ስል ከኋላዬ እግር ሰማሁ። ሚፍታህ ነው። በጆንያዎቹ አጠገብ አልፎ ሄዶ ጀሪካኑን አነሳው። ዞር ዞር አድርጎ አየው፣ በመዳፉ ታቹን ዳሰሰ፣ ልክ እኔ ያን ቀን ልጅቷን እንደዳሰስኩ። ከዚያ ክዳኑን ፈትቶ ጠጣ። ብዙ ጠጣ። አፉን ጠረገና ጀሪካኑን ቦታው መለሰ።

“ሦስተኛውን እኔ ልተኩስ” አለ።

ጋሽ በቀለ ትንፋሹ እስኪረጋ በትዕግሥት ጠበቁት። ቃታውን ሲስብ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ጀሪካኑ እንደቆመ ቀረ። ወላሂ ያን ጊዜ እልል አልኩ፣ ሳጅኑ እንኳ አጨበጨበ።

እልልታዬ ሳያልቅ ግን ጋሽ በቀለ ክንዴን ያዙኝ። “ስሚ። ይሄ ሥጋ ስታገኝ ነው። የሳተች ጥይት አፍንጫዋ ምንም ይሁን ምን ሩቅ ትሄዳለች። እሷን የሚያስቆማት አፈር ብቻ ነው።”

“በወንዙ በኩል ሁሉ ሜዳ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከየት አመጣለሁ?”

“ከፍ በሉና ወደ ታች ተኩሱ። ያኔ ምድሩ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። ማማ የላችሁም?”

ሁላችንም አብዶሽን አየነው። እርሻው ጥግ ከአባቱ የወረሰው ማማ ነበረ፤ በአራት እንጨት ላይ የቆመ፣ ወንጭፍ ይዘው ወፍ የሚጠብቁበት። ባለፈው ወር፣ ጠመንጃ ሊመጣ ነው፣ ማማ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብሎ አፍርሶ የፍየል በረት ሠራበት።

“ምን ታዩኛላችሁ?” አለ አብዶሽ። “ፍየሎቹ አመስግነውኛል።”

“ፍየሎቹ ይቅር ይበሉህ፣ ነገ ታፈርሰዋለህ” አልኩት።

ሳጅን ደረጀ የምንሽሩን ቁጥር ጻፈ፣ ጥይቶቹን ጻፈ፣ እኛንም አስፈረመ። ስሜን በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። “እናቴ፣” አለኝ ሲሰናበተን፣ “ስንት ወንድ ጠመንጃ ሲመርጥ አይቻለሁ። ሁሉም ስንት ሩቅ ይሄዳል ብሎ ነው የሚጠይቀው። የት ይቆማል ብሎ የጠየቀ አላየሁም።”

ጋሽ በቀለ የመጀመሪያዋን የተፈለቀቀች አረር ሰጡኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነች።

አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ የጀልዴሳ መንገድ

ወንዶቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ተነሳን። ጠመንጃው ከሚፍታህ ጋር ነው፣ መቀርቀሪያው ወልቆ ከአብዶሽ ኪስ፣ ጥይቶቹ ሻሽ ውስጥ ተቋጥረው ከኔ ጋር። ሦስታችን ካልተስማማን የማይተኩስ ጠመንጃ ነው። ፋራህ፣ “የኔ ድርሻ ምንድነው?” አለ። “አንተ ጉድጓድ አታግባን” አልኩት። መንገዱ ላይ ከጉድጓድ ሌላ ብዙም ነገር አልነበረም፣ ግን ሞከረ።

ግማሽ መንገድ ላይ የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ጥላ ሥር ተቀምጣለች። አንድ አንድ ጣሳ ጠጣን፣ ጢስ ጢስ ይላል፣ ጥሩ ነው። ፋራህ እንዲተረጉምልኝ አድርጌ ጠየቅኳት፤ ሲራድ የምትባል ልጅ ታውቂያለሽ ወይ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቤተሰቧ ጀልዴሳ ግመል ያጠጣ የነበረ?

ሴትዮዋ ሳቀች። “ሲራድ ብዙ ናት። የማን ልጅ?”

የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም። ያን ቀን የጠየቅኳት የት ያምሻል ብቻ ነው።

እርሻው ስንደርስ ከዳር ያለው በቆሎ ሁለት ረድፍ ተጋድሟል፣ አፈሩ እንደታረሰ ተገለባብጧል። የጥዋት ሥራቸው ነው። አብዶሽና ሚፍታህ በረቱን አፍርሰው እንጨቱን ተሸከሙ። ማማው ድሮ የነበረው ከኮረብታው ሥር ነበር፣ ፊቱ ወደ ወንዙ። እኔ ባዶው ቦታ ላይ ቆሜ አየሁ፤ ከዚህ የሚተኮስ ሁሉ ወደ አሸዋው ነው የሚሄደው።

“እዚህ አይሆንም” አልኩ። “ወንዙ ዳር ይሁን። ጀርባችሁን ለወንዙ ስጡት፣ ፊታችሁን ለኮረብታው።”

“ሴትዮ፣ አባቴ እዚህ ነው የተከለው።”

“አባትህ በወንጭፍ ነበር የሚወረውረው።”

አብዶሽ ጉድጓድ ሊቆፍር ዶማውን አንስቶ ነበር። ቆም ብሎ ወንዙን አየ፣ ኮረብታውን አየ፣ ከዚያ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ወንዙ ዳር ሄደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማማው ቆመ። ወጥቼ ሞከርኩት፣ ይወዛወዛል፣ አንድ ቋሚ ጨመሩበት። ከላይ ሲታይ በቆሎው ሁሉ ከሥሬ ነው፣ ከኋላው ራቁቱን የቆመ ቀይ ኮረብታ። መንገድ የለበት፣ ቤት የለበት። አፈር ብቻ።

ቅዳሜ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት

ከሱብሒ ሰላት በኋላ ሚፍታህ ማማው ላይ ወጣ። አብዶሽ መቀርቀሪያውን ሰጠው፣ እኔ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ሰጠሁት። ወንዙ ከጀርባው ቢሆንም ልቤ እንቢ አለኝ። ውሃ ቀጂዎች በወንዙ መጥተው በእርሻችን ጎን ወደ ጉድጓዱ ይወጣሉ። ስለዚህ ተስማማን፤ እኔ መንገዱ ከወንዙ በሚወጣበት ቦታ ቆሜ ሰውን እይዛለሁ፣ ሁሉም ሰው ወንዙ ውስጥ፣ ከማማው ኋላ መሆኑን ሳረጋግጥ ነጩን ሻሼን አነሳለሁ። ሻሹ ካልተነሳ አይተኮስም።

ወረድኩ። ሁለት ሴቶች ከነአህያቸው መጡ፣ አስቀመጥኳቸው። አንዲት ግመል የምትጎትት ሶማሌ መጣች፣ እሷንም ያዝኳት።

“ምንድነው?” አለችኝ በአማርኛ።

“ልጄ ሊተኩስ ነው።”

“እሱ ሊተኩስ አንቺ ለምን ትንቀጠቀጫለሽ?”

“ብርድ ነው” አልኳት። ጀልዴሳ ብርድ የለም። አሸዋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

መጡ። ከኮረብታው ሥር፣ ጭራቸውን እንደ ሽቦ አቁመው፣ ትልቁ ከፊት፣ አራት ከኋላ። በቆሎው ተንኮሻኮሸ። ትልቁ ዳር ላይ ተንበርክኮ መቆፈር ጀመረ። ሚፍታህ ወደኔ ዞረ። ወንዙን ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ፣ ሴቶቹን ቆጠርኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ማንም የለም። በቆሎው ውስጥም ማንም የለም። ሻሹን ፈታሁና አነሳሁት።

አንድ ተኩስ። ወፎቹ ሁሉ ከግራሮቹ ተነሱ። አራቱ ከርከሮ ኮረብታውን ሽቅብ በረሩ። ትልቁ ግን ተንበርክኮ እየቆፈረ ነበር፣ እንደተንበረከከ ቀረ። አንድ እርምጃ አልሄደም።

አብዶሽ ረጅም ዱላ ይዞ ሄደ። በዱላው ገለበጠው፣ ጎንበስ ብሎ በማዶ ጎኑ አየ፣ ከዚያ ዱላውን ወደ ሰማይ ወርውሮ ጮኸ፤ “አልወጣችም! ዘይነባ፣ አልወጣችም! ውስጡ ነች!”

እልልታው ከኔ ብቻ አልነበረም። ከአሸዋው ላይ ሦስቱም ሴቶች ተቀበሉኝ። ሚፍታህ ከማማው ወርዶ መጣ፣ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ፣ መቀርቀሪያውን አውጥቶ፣ መጀመሪያ ወደ ከርከሮው አልሄደም። ወደኔ መጣ። ከኔ አልፎ ወደ አሸዋው አየ።

“ሁሉም ደህና ናቸው?” አለ።

“ሁሉም ደህና ናቸው” አልኩት። ያኔ ብቻ ሳቀ፤ ሁለት ዓመት ያላየሁትን ሳቅ።

የቀረው ሥራ ከተኩሱ ይልቅ ከባድ ነበር። ፋራህ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ። ከሴቶቹ የተዋስናት አህያ ሽታውን ስታውቅ አራት እግሯን ተከለች፣ ጆሮዋን ይዘን ለመንናት። አብዶሽ እግሩን ሳይነካ ሸምቀቆ አስገባለት፣ ጎትተን ከኮረብታው ሥር ቀበርነው፣ ገመዱንም አብረን ቀበርነው። ዱላውንና ዶማውን ሰባት ጊዜ አጠብን፣ አንዱን በአፈር። አብዶሽ ሳይነካው እጁን ሰባት ጊዜ ታጠበ። ፋራህ መስኮቱን ትንሽ ከፍቶ፣ “ስምንተኛ ጨምር!” አለው።

ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠበቅን። አልመጡም። እሁድ ንጋት ጠበቅን። አልመጡም። እኛ ከተመለስን በኋላ ማማው ላይ ተራ የያዙት የጎረቤት ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ከሩቅ አየናቸው፣ ማማውን አይተው ተመለሱ አሉን።

እሁድ፣ ቤት

ፋራህ ሙሽራዋን ሊጭን ስለሚቸኩል ከሰዓት በፊት ድሬ ገባን። ፒካፑን በሳሙናና በሎሚ አጠብንለት፣ ሽታው አለቀቀም፤ ሙሽራዋ ግን ምንም አላለችም አሉ፣ የተባረከች ናት። ይሄን የምጽፈው በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። አብዶሽ መሬቱን አልለቀቀም። ቀፊራ ላይ ያለው ሽንኩርቴ የራሴ ነው፣ ሰው ሲገዛ የጀልዴሳ ነው ብዬ ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት ነገር ትንሽ ነው። ሁሉ ሰው ዘይነባ ፈሪ ናት ይላል፣ እውነት ነው። ፍርሃት ግን እንደ ሽንኩርት ነው፤ ዝም ብለህ ከተውከው ይበሰብሳል፣ ጆንያ ሞልተህ ፊት ለፊት ካቆምከው ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ቀን ትንሿን ያስመረጠኝ እሱ ነው፤ ሦስት ጊዜ አስተኩሶ፣ ማማውን አዙሮ፣ ሻሽ አስይዞ ያቆመኝም እሱ ነው። ጠመንጃ የምትመርጡ ሰዎች ካላችሁ፣ ስንት ሩቅ ይሄዳል ብላችሁ አትጀምሩ። ከእንስሳው ኋላ ማን አለ ብላችሁ ጀምሩ።

ያልተበሳው ጀሪካን ጉድጓዱ ዳር ተቀምጧል፣ ማንም እንዳይወስደው ብዬ የሲራድን ስም በቀለም ጽፌበታለሁ። ጉድጓዱም አሁን ክዳን አለው።

ስሟ ሲራድ ነው። አሁን አሥራ አራት ወይ አሥራ አምስት ዓመት ይሆናታል። ቀጭን ናት፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፣ ቤተሰቧ ወደ ሃያ ግመል አለው፣ ከነሱ አንዷ ነጭ ናት፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ። ያያት ወይም የሰማ ሰው ካለ፣ ቀፊራ ሽንኩርት ተራ ዘይነባ ብሎ ቢጠይቅ ያገኘኛል። ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።